እትዬ ጃንጥላና የሚያፈስ ጣሪያቸው

ወገኖቼ፣ በቀብር ላይ «እኔ ልሙት» ማለት ባያምርም፣ እኔ ልሙት፣ አሁን የማነብላችሁ ሁሉ አንዳች ሳይጨመርበት እውነት ነው።

ሠፈሩ ሁሉ እትዬ ጃንጥላ እያለ የሚጠራቸው እኅታችን ከጫማ ሰፊ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የተወለዱ ሲሆን፣ ገና ዳዴ ሲሉ መርፌ ላይ ክር ያስገቡ እንደነበር እናታቸው ሲምሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዕድሜያቸው ሲደርስ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው፣ ከአክስታቸው የልብስ ስፌት ሙያ ቀስመው፣ ከአንድ የአውቶቡስ ሾፌር ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው በሞት ሲለዩአቸውም በዚያችው የኪራይ ክፍል፣ በዚያው የስፌት መኪና ልጃቸውን አስተምረው ለሥራ አብቅተዋል።

ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው ደጉ አከራያቸው አርፈው ቤቱ ወደ ወንድ ልጃቸው ከተላለፈ ወዲህ ነው። ውጭ ካባራ በኋላ እንኳ እሳቸው ቤት ይዘንብ ነበር፤ አልጋቸው ሥር በሚተኛው ውሃ ዓሣ ማርባት ይቻል ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያለቻቸውን አንዲት ጃንጥላ ከማገሩ ላይ አንጠልጥለው የዘረጉት ግን ለራሳቸው ሳይሆን ለስፌት መኪናውና ለሰው ልብስ ነበርና፣ ስሙም፣ ኋላ የያዛቸው ሳልም የመጡት ከዚያ ነው።

ወጣቱን አከራይ የመጀመሪያ የትምህርት ቤት ልብሱን የሰፉለት እሳቸው ነበሩ። «ልጄ፣ እባክህ ይህን ቆርቆሮ አስቀይርልኝ» ቢሉት፣ «እትዬ፣ ዝናብ ካልተስማማዎት ሌላ ቤት ይፈልጉ» አላቸው፤ ደግመው ቢጠይቁት ቤቱን እንዲለቁ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው። ፍርድ ቤት ሄደው ሲያመለክቱም ዳኛዋ ጣሪያው እንዲጠገን፣ ተከራይም ጥገና ስለ ጠየቀ ብቻ እንዳይባረር ወሰኑላቸው። እሱ ግን ጥገናውን «ክረምቱ ይለፍና» እያለ እያሳደረ፣ ላገኘው ሰው ሁሉ «ብቻ አንድ ቀን ክፍሏን ባዶ ላግኛት፣ ቁልፉን ነው የምቀይረው» ይል ጀመር።

በዚህም የተነሳ ሳሉ ሳንባቸውን ይዞ፣ ሐኪም ተኝተው እንዲታከሙ ቢያዝም፣ «እኔ እዚያ ስተኛ ልጄ የት ልትተኛ ነው?» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ጎረቤቶች ተሰብስበን፣ ልጃቸው ሥራ ስትውል ክፍሏ ለአፍታም ባዶ እንዳትሆን በየተራ እየገባን መኪናውን ስናንቀጫቅጭ እንደምንውል ቃል ገባንላቸውና በግድ ሄዱ። ሥጋ ሻጩ ጎረቤታችን በተራው የራሱን እጅጌ ከመጋረጃው ጋር ሰፍቶ፣ «ሚስቴ እንዳትሰማ፣ አደራችሁን» እያለ በመቀስ ያላቀቅነው ያኔ ነው። ይህ ሲነገራቸው እትዬ ከመሳቃቸው የተነሳ የኦክስጅኑ ቱቦ ከአፍንጫቸው ወለቀ።

ሕመማቸው ጠንቶ «ቶሎ ድረሱ» ተብሎ የተደወለ ዕለት ግን፣ ተረኛዋ ጭምር፣ ሁላችንም ግልብጥ ብለን ሮጥን፤ «ማን ይቅር?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። እሳቸውም አልጋቸውን ከብበን ሲያዩን ፊታቸው በርቶ፣ ቃል ሳይተነፍሱ በሰላም አረፉ። ስንመለስ በሩ ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሎ ጠበቀን።

እትዬ ጃንጥላ የሚወዷቸውን አንዲት ልጅና አንድ ታናሽ ወንድም፣ ከዚያ በር ጀርባም ጃንጥላ የተዘረጋለትን መኪናቸውን ትተው አልፈዋል። ልጃቸው እኔ ዘንድ አድራለች። ከዚህ ስንነሳ የዳኛዋን ውሳኔ ይዘን፣ እሷን አስቀድመን፣ ወደዚያ በር እንሄዳለን፤ እግር ያለው ሁሉ እንዳይቀር። ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ጠብታ በማይደርስበት ሥፍራ ያሳርፍልን።

አንዲት ትንሽ ነገር ግን ከራሴ ፈጥሬአለሁ። ቃል ሳይተነፍሱ አረፉ ያልኳችሁ እውነት አይደለም። ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩንና፣ «ቤት ማን አለ?» አሉ።