ገብርኤልና ፍሬኑ

ናጉሩ ኮረብታ ላይ ታክሲው እስኪሞላ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሐበሾች ማስካቸውን አገጫቸው ላይ አውርደው ያወራሉ፤ አንዱ ሸምገል ያሉ፣ ሌላው ጎልማሳ።

«ዛሬ ፒክአፕህን የት ጥለህ ነው በታክሲ?»

«ጋራዥ ናት ጋሼ። ትናንት እዚሁ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለችኝ።»

«ሰው ገጨህ?»

«ኧረ የለም። የማቶኬ ሙዝ ክምር ላይ ወጥታ ቆመች።»

«ኢንሹራንስ አላት?»

«የሦስተኛ ወገን ብቻ። ሙሉውን፣ አርጅታለች ብለው ከለከሉኝ።»

«የሦስተኛ ወገኑማ ለገጨኸው ሰው ነው። ለአንተና ለመኪናዋስ?»

«እኛንማ ለገብርኤል ሰጥቻለሁ። ሥዕሉ መስታወቷ ላይ አለ። በየዓመቱም ጃንጥላ አስገባለታለሁ።»

«ፍሬኗን ካሳየህ ስንት ጊዜህ ነው?»

«መካኒኩ ገና ፋሲካ ላይ ሸራው አልቋል ብሎኝ ነበር። ገብርኤል አለ እያልኩ ነዳኋት።»

«በል የዘንድሮውን ጃንጥላ ተወውና የፍሬን ሸራ ግዛ።»

«ስለት አይደለም እንዴ ጋሼ? ቢቀየመኝስ?»

«አይቀየምህም። ስንት ቁልቁለት ይዞልሃል፣ እሱም ትንሽ ይረፍ።»

ታክሲው ሞልቶ ያንኑ ቁልቁለት ሲጀምር፣ እታች እስክንደርስ ዓይኔን ከሾፌሩ እግር ላይ አልነቀልኩም።