የአፍናን ጥርስ

የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ማንንም አያማክርም። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ያዘኝና ሮጬ የጋሽ ዐብዱልጀባር ሱቅ ገባሁ። መግባቴ ካልቀረ ብዬ እንደ ሁልጊዜው ለልጄ ለማናልሞሽ አንድ ብስኩት ገዝቼ ኪሴ ከተትኩ።

ጋሽ ዐብዱልጀባር ከጅማ በኩል መጥተው እዚህ ሠላሳ ዓመት የነገዱ፣ እጀ ሰፊ፣ ግን ችኮ ሽማግሌ ናቸው። የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው አፍናን ተማሪዬ ናት። ወላጆቿ ቴፒ ቡና ስለሚነግዱ የምትኖረው ከእርሳቸውና ከአክስቷ ከላምያ ጋር ነው። ላምያ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። ስገባ ላምያና አባቷ ተፋጠው ነበር። አፍናን ጎረቤት ሄዳ ነበር።

«እንኳን መጡ መምህር፣ ይፍረዱን!» አሉ ሽማግሌው በርጩማ እየሳቡልኝ። «ይቺ ልጅ ማሻአላህ ማለት ሲገባት፣ አፍናን ክብደት በዛባት ትለኛለች። የውጭ ሰው ዓይን አንሶ ነው የቤቱ የተጨመረው?»

«ዓይን አይደለም አባ፣ ሚዛን ነው» አለች ላምያ በትሕትና። «ሐኪሙ ክብደቷን ከዕድሜዋና ከቁመቷ ጋር አስተያይቶ ነው የነገረኝ። ዳገቱን ስትወጣ ስታለከልክ እርስዎም አይተዋል።»

«እኔ በልጅነቴ ጠግቤ አድሬ አላውቅም። ሱቄ ሞልቶ ለልጄ ልንፈግ?»

«ማንም አያስርባትም። ምሳና እራቷን ከእኛ እኩል ትብላ፣ ገና ታድጋለች። እኔ የምለው፣ በመጣች ቁጥር ለስላሳ፣ ባኮረፈች ቁጥር ብስኩት ይቅር ነው። አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድም ባጃጅ አይጠሩላት። ደግሞ እርሷን ብቻ ለይተን ሳይሆን ቤታችን በሙሉ ይለወጥ። ፊት ለፊቷም ወፍራም አትባል፣ ታፍራለች።»

ጋሽ ዐብዱልጀባር ባንኮኒውን በመዳፋቸው መቱት። «አሁን ገባኝ! ቅናት ነው። ሱቅ ስትገባ ወደ እኔ ስለምትሮጥ ቀንተሽ ነው!»

ላምያ አንገቷን ደፋች። በቤቱ ውስጥ የቀናው ማን እንደሆነ ግን ከሽማግሌው ፊት ይነበብ ነበር። ይህን በሽታ እኔም አውቀዋለሁ። የገዛ ልጄ እኔን አልፋ አጎቷ ትከሻ ላይ ስትወጣ ስንት ቀን በቅናት እንዳኮረፍኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገር ለማብረድ ብዬ፣ «ለመሆኑ አፍናን ክፍል ውስጥ ያሳየችኝ ጥርስ ወለቀ?» አልኩ።

«የምን ጥርስ?» አሉ ሽማግሌው።

ላምያ እኔን አየችኝ፣ እኔ ዝናቡን አየሁ። «የታችኛው ጥርሷ ተነቃንቋል አባ» አለች ቀስ ብላ። «ቅዳሜ ገበያ በእግር ስንሄድ ነው የነገረችኝ።»

«ለአንቺ ነግራለች። ለአስተማሪዋ ነግራለች። ብስኩት የምሰጣት እኔ! ለስላሳ የምከፍትላት እኔ!» አሉ። እውነቱን ለመናገር አሳዘኑኝ።

«ጋሼ፣ ከእርስዎ ጋር ስትሆን ምን ታወራላችሁ?» አልኳቸው።

«ትመጣለች፤ ብስኩቷን አነሣላታለሁ፤ ትበላለች፤ ከዚያ...» አሉ።

«አፏ ሞልቶ እንዴት ትንገርዎት?» አልኩ።

ሽማግሌው የብስኩቱን ካርቶን ገፋ አደረጉት። ከዚያ ወደ ላምያ ዞረው፣ «ነገ ማን ነው ትምህርት ቤት የሚያደርሳት?» ሲሉ ጠየቁ።

«እኔ ላድርሳት ብዬ ነበር፣ በእግር።»

«አንቺ አታደርሻትም! እኔ ነኝ የማደርሳት፣ በእግር!»

የሐኪም ቃል ያልከፈተውን በር ቅናት ከፈተው። ለልጅቷ እስከበጀ ድረስ በየትኛውም ቢከፈት ግድ የለኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ሽማግሌው ጃንጥላ ይዘው፣ አፍናን ቦርሳዋን አዝላ፣ እያወሩ ሲመጡ ማየት ጀመርኩ። ለስላሳው ከፊት መደርደሪያ ወደ ኋላ ሄደ። አፍናን ስትመለስ የሚጠብቃት ሙዝና ውኃ ሆነ። ላምያ አንድ ቀን በተራዬ ልውሰዳት ብትል ተቆጧት። በእኔም ሳይቀር ቀንተው፣ «ዛሬ ክፍል ውስጥ ምን ነገረችዎት?» እያሉ ይመረምሩኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጥርሱ በዕረፍት ሰዓት ወለቀ። «እስቲ ልየው» ስላት አፍናን እጇን ጨብጣ ወደ ኋላ ደበቀች። «መጀመሪያ የማሳየው ለአባባ ነው!»

ቀናሁ። አልዋሽም፣ ቀናሁ።

አያቷ ሊወስዷት መጥተው ሲወጡ ተከተልኳቸው። አያትና የልጅ ልጅ ጥርሱን አብረው የሱቁ ጣራ ላይ ወረወሩት፤ ቆርቆሮው ላይ ቀጭ ሲል ሁለቱም ሳቁ።

«በፊት ይህን ዳገት አራት ጊዜ ቆማ ነበር የምትወጣው፣ አሁን ሁለቴ ነው» አሉኝ ጋሽ ዐብዱልጀባር። «ሌሊትም አልሐምዱሊላህ ደህና ትተኛለች፤ ከልጆች ጋር ገመድ መዝለል ጀምራለች። የእኔም ጉልበት ተፍታታ። ላምያ ልክ ነበረች። ብስኩቱ ልጄን የሚያቀርብልኝ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አፏን ዘግቼባት ኖሯል።»

እኔም ደስ ብሎኝ፣ እንደ ልማዴ፣ «እንግዲያው የማናልሞሽን ብስኩት ይስጡኝ» አልኩ።

ብስኩቱን አንሥተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ሳያነሡበት ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «መምህር፣ የእርስዎ ልጅ ስንት ጥርሷ ወልቋል?»

አላወቅሁም። ብስኩቱን እዚያው ትቼ ልጄን ፍለጋ ሁልጊዜ ወደምትውልበት የአጎቷ ቤት ሄድኩ።