የዘምዘም ቆጣሪ

ሀጂ ሙሀመድኑር ያን እሑድ ከሰንበቴ ገበያ የተመለሱት ያለ በሬያቸው ነው። ጠዋት በአይሱዙ ጭነው የወሰዱት፣ ገና ብዙ ክረምት ሊያርስ የሚችለው ቀይ በሬ ለአንድ የአፋር ነጋዴ ተሸጦ ቀረ። ሽያጩ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን በሬውን ያሸጣቸው የወፍጯቸው ሞተር ተቃጥሎ ስለነበረና ገንዘቡ የተቃጠለ ሽቦውን በአዲስ ለማስጠቅለል የሚሄድ ስለነበረ ፊታቸው አልፈታም።

ወደ ከሚሴ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ባዶ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ሲያዩ ቆመው መሄድ አማራቸው። ካሚል ነበር። ካሚል ከሚሴ ተወልዶ፣ ኮምቦልቻ የኤሌክትሪክ ትምህርት ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ፋብሪካዎች፣ ወፍጮ ቤቶችና ትልልቅ ሕንፃዎች የሚያባክኑትን ኃይል እንዲቀንሱ ገንዘብ በሚያቀርብ አንድ ፈንድ ውስጥ ይሠራል።

«አሰላሙ ዐለይኩም ሀጂ። አካም ጅርቱ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነታቸውን ጠየቀና ከመቀመጫው ብድግ ብሎ የመስኮቱን በኩል ለቀቀላቸው።

«ወዐለይኩም ሰላም። ነጋ፣ ደህና፣ አልሀምዱሊላህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ልጁን የጠሉት በራሱ ጥፋት አይደለም። ለዘምዘም አዲሱን ሞተር ያስገኘላት እሱ ስለሆነ ነው።

ዘምዘም ማን እንደሆነች እንናገር። ባሏ ዩሱፍ ለብዙ ዘመን በሀጂ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ ሲፈጭ የኖረ ሰው ነበር። ድንጋይ መውቀር ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በኋላ ጥሪቱን አጠራቅሞ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው፣ የራሱን ወፍጮ ተከለ። እሱ ሲሞት ሀጂ ለቅሶ ተቀምጠው ተነሡና፣ ሴትዮዋ ወፍጮውን ሸጣላቸው ወደ ቤተሰቦቿ እስክትሄድ ይጠባበቁ ጀመር። እሷ ግን አልሸጠችም። ጭራሽ ያረጀውን ሞተር አውጥታ አዲስ አስገባች። በጣሪያው ቆርቆሮ መሀል ብርሃን የሚያሳልፍ ክዳን ጣል ጣል አድርጋ አምፖል በቀን ማብራት ተወች። ከግድግዳው ጫፍ ነፋስ መግቢያ አስከፍታ፣ ውስጡን ኖራ አስቀብታ፣ ለአስፈጪዎች አግዳሚ ወንበር አኖረች። በከሚሴ ሙቀት ማሽላ ተሸክማ የመጣች ሴት ከሁለቱ ወፍጮዎች የትኛውን እንደምትመርጥ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

ሀጂ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ዕድሜ ልክ ደንበኞቻቸው የነበሩ ሰዎች መንገዱን ሲሻገሩ ያያሉ። ማን በስንት ከረጢት እንደመጣ፣ ማን አንገቱን አቀርቅሮ እንዳለፈ ይይዛሉ። እህል ሲፈጩ እንኳ ጆሯቸው ከማዶ ነው። አንድ ቀን የመብራት ሂሳብ መክፈያው ዘንድ ከዘምዘም ኋላ ተሰልፈው ሳለ የእሷ ሂሳብ ሲነገር ሰሙ። ከእሳቸው ያነሰ ነው። እሷ የምትፈጨው ደግሞ ከእሳቸው ይበልጣል። ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

«ይቺ ሴትዮ ቆጣሪውን አልፋ መብራት እየሰረቀች ነው» አሏት ሚስታቸውን ሰዓዲያን።

«አይተዋል?»

«ማየት አያስፈልግም።»

ሰዓዲያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እሳቸው ግን በዚያ አልቆሙም። ለመብራት ሠራተኞች ጠቆሙ። ጁምዓ ከተሰገደ በኋላም ከመስጊዱ በር ላይ ለቆሙት ሰዎች ያንኑ ደገሙት። ቅናት የያዘው ሰው የጠረጠረውን ነገር ያየ ያህል ይናገረዋል፤ ሀጂም ሲናገሩ ያየ ሰው ይመስሉ ነበር።

የመብራት ተቆጣጣሪዎቹ ወደ ዘምዘም ወፍጮ የገቡ ቀን እዚያ የነበሩት ሴቶች ከረጢታቸውን እያነሡ ወደ ሀጂ ተሻገሩ። ሀጂ ከዓመት ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሏቸው አያውቅም። ሞተሩን ዕረፍት ሳይሰጡ ያስጮኹት ጀመር። የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ጭስ ወጣ፤ ሞተሩ ነደደ፤ ቤቱ ጭር አለ።

ሚኒባሱ ጨፋ ሲደርስ ወደ ቦርከና ውሃ የሚወርድ የከብት መንጋ አስፋልቱን ሞልቶት ቆመ። ካሚል ያን ጊዜ ተናገረ።

«ስለ ሞተሩ ሰማሁ ሀጂ፤ አዝናለሁ። ምን ሊያደርጉት አሰቡ?»

«ደሴ ልኬ ላስጠቅልለው ነዋ። ምን አደርገዋለሁ።»

«ከዚህ በፊት ተጠቅልሎ ያውቃል?»

«ስንቴ! አባቴ የገዛው ሞተር ነው። እያስጠቀለልኩ እዚህ አደረስኩት።»

«እሱ ነው ችግሩ። በተጠቀለለ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። ከመስመሩ የሚስበው ኃይል ያው ነው፤ እንዲያውም ይጨምራል። ድንጋዩ ዘንድ የሚደርሰው ግን ይቀንሳል። የቀረው ሞተሩን ማጋያና ማስጮኺያ ነው የሚሆነው። ያን ሁሉ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ እርስዎ ይከፍላሉ።»

«ሙቀትና ጩኸት ሂሳብ ይከፈልበታል ትለኛለህ?»

«ይከፈልበታል። ወፍጮ ቤትዎ ውስጥ የሚያልብዎት በራስዎ ገንዘብ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋም ላልቶ ይንሸራተታል፤ እሱም ሌላ ብክነት ነው።»

ሀጂ የልባቸውን አወጡት። «የዘምዘም ሂሳብ ያነሰው በዚህ ነው ልትለኝ ነው። ሰርቃ አይደለም?»

ካሚል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሐሙስ ተቆጣጣሪዎቹ ሲመጡ እዚያ ነበርኩ። ቆጣሪዋን ፈቱ፤ ሽቦውን ከምሰሶው ጀምረው ተከተሉ፤ ማኅተሙን አዩ። ምንም አላገኙም፤ ይቅርታ ጠይቀዋት ሄዱ። ግን ሰው ሁሉ ወጥቶ ስለነበር ይቅርታውን የሰማ የለም። ከሰዓት በኋላ ሴት ልጇ ከትምህርት ቤት የሌባ ልጅ ተብላ እያለቀሰች መጣች።»

ሀጂ ከብቶቹን ተመለከቱ። በመጀመሪያ የተሰማቸው ኀፍረት አልነበረም። ሴትዮዋ ንጹሕ መሆኗ አናደዳቸው። ሌባ ብትሆን ኖሮ በሷ መበለጣቸው ምክንያት ይኖረው ነበር። አሁን ግን የበለጠቻቸው በትክክለኛ መንገድ ነው።

«ይሁን» አሉ። «ንጹሕ ናት እንበል። ግን እሷ ሞተር ያስገባችበት የፈንዳችሁ ገንዘብ ወለድ አለበት። እኔ መካ ደርሼ መጥቼ ሪባ አልበላም።»

«ትክክል ነዎት፤ እኔም አልመክርዎትም። ይኼኛው ግን ገንዘብ ማበደር አይደለም። ፈንዱ ሞተሩን ራሱ ይገዛል፤ ከዚያ ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለእርስዎ ይሸጥልዎታል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ ቢዘገዩም አይጨምርም። ሙራባሃ የሚሉት ነው። ዑለማዎቹን ይጠይቁ።»

«ከምን እከፍላለሁ? ወፍጮዬ ቆሟል።»

«ከሚተርፍልዎት። ዛሬ ለመብራት ከሚያወጡት ላይ በአዲሱ ሞተር የሚቀንሰው አለ፤ ክፍያው ከዚያ እንዲወጣ ተደርጎ ይሰላል። እኛም ዝም ብለን አንሰጥም። መጀመሪያ ሄደን ሁሉን እንለካለን። ቁጠባው ክፍያውን የማይሸፍን ከሆነ አይሆንም ብለን እንመለሳለን፤ ብዙ ቦታ ተመልሰናል።»

«ፈንዱ ኋላ ወፍጮዬን ይወስደዋል።»

«የዘምዘምን ወሰደው?»

ዘምዘም፣ ዘምዘም። ስሟ በተነሣ ቁጥር ሀጂ ጥርስ ያመመው ሰው ይመስላሉ። «እኔ ዩሱፍን ያስተማርኩ ሰው የሚስቱን ዱካ ልከተል?»

«ሀጂ፣ ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልበል። እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ቅናት ሁለት ዓይነት ነው ብለው ሸሆቹ አስተምረውናል። አንዱ ከሰውየው እጅ ይጥፋ ማለት ነው፤ እሱ ሀሰድ ነው፣ ሐራም ነው። ሌላው እሱ ያገኘው እንዳለ ይኑርለት፣ ለእኔም ይምጣልኝ ማለት ነው። እሱ አልተከለከለም። የበሬውን ገንዘብ ለእርሻዎ ይያዙት። ሞተሩን ለፈንዱ ይተዉት። ብቻ አንድ ደንብ አለን፤ ከዚህ በፊት የተጠቀመ የአካባቢው ሰው ምስክር ሊሆንልዎት ይገባል።»

«በከሚሴ ማን አለ?»

«በወፍጮ እሷ ብቻ ናት።»

መንጋው አልፎ መንገዱ ተከፈተ። ሚኒባሱ ወደ ከሚሴ ተንቀሳቀሰ።

ቤት ሲደርሱ ሁሉን ለሰዓዲያ ነገሯት። እሷም ሳህኑን አቅርባ፣ «እኔ ሐሙስ ማታውኑ ዘምዘም ቤት ሄጄ አይዞሽ ብያታለሁ፤ የቀሩት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። በማግሥቱ ዑለማዎቹን ጠየቁ፤ ካሚል የነገራቸው ልክ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሰበብ አልቀረላቸውም።

መንገዱን መሻገር ከባድ ሆነባቸው። አንዴ እስከ መሀል ደርሰው ተመልሰዋል። በመጨረሻ ሲገቡ ዘምዘም በዱቄት በነጣ ሻሽ ራሷን አስራ ሚዛን ታስተካክል ነበር። ወፍጮው እየፈጨ ነው፤ ቢሆንም ሳይጮኹ መነጋገር ይቻላል። ይህንንም ሀጂ ልብ አሉትና እንደገና ቅናቱ ቆነጠጣቸው።

«ይቀመጡ አባኮ» አለቻቸው፤ አባቴ ማለቷ ነው።

«ለመቀመጥ አልመጣሁም። ያ ወሬ...»

«ከየት እንደወጣ አውቃለሁ። ወደ እርስዎ የተሻገሩት ሴቶች ተመልሰው ሲመጡ ነገሩኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ዩሱፍ በሕይወቱ አንድ ቀን ስምዎን በክፉ አንሥቶ አያውቅም። እጄን ይዞ ያስተማረኝ እሳቸው ናቸው ይል ነበር። እኔም የሱን ቃል ላለማበላሸት ብዬ ነው። እንጂ አልተናደድኩም ብዬ አልዋሽዎትም። ልጄ ያለቀሰችው አሁንም አልወጣልኝም።»

ሀጂ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሡ። የቀን ብርሃን በክዳኑ ሾልኮ ዱቄቱ ላይ ወርዷል። «በደልኩሽ» አሉ። «ሂሳብሽ ከሂሳቤ ማነሱ አሳበደኝ። ሌላ ምክንያት የለኝም። አስተግፊሩላህ።»

ዘምዘም ሚዛኑን ትታ ወደሳቸው ዞረች። «ካሚል ስለ ምስክርነቱ ነግሮኛል። እመሰክርልዎታለሁ። አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። ያን ነገር የተናገሩት ለእኔ አይደለም፤ መስጊድ በር ላይ ለሰው ነው። ይቅርታውንም እዚያው ይንገሩልኝ። ለእኔ ብቻ ከነገሩኝ ልጄ ትምህርት ቤት ምን ይጠቅማታል?»

ሀጂ ከዚህ ይልቅ ሌላ በሬ መሸጥ ይመርጡ ነበር። «እሺ» ግን አሉ።

በጁምዓው ከሶላት በኋላ ሰው ጫማውን ሲያደርግ ሀጂ ከበሩ ላይ ቆሙ። «ዘምዘም ኃይል ትሰርቃለች ያልኩት እኔ ነኝ። አላየሁም ነበር። ተፈትሾ ንጹሕ ሆና ተገኝታለች። የተናገርኩት በቅናት ነው። የሰማችሁ ላልሰማው ንገሩልኝ» አሉ። ጥቂቶች ሳቁ፤ አንድ ሽማግሌ ግን መጥተው እጃቸውን ያዙ። ሰኞ ጠዋት ከዘምዘም ልጅ ጋር ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች ነገሩን ከአባቶቻቸው ሰምተው ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው በሥርዓቱ ሄደ። ካሚልና ጓደኞቹ መለኪያቸውን ይዘው መጡ። አሮጌው ሞተር ለድንጋዩ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ሆኖ፣ ኃይል እያባከነ ከአቅሙ በታች ሲሠራ እንደኖረ አሳዩዋቸው። ፈንዱ መጠኑ የተስተካከለ አዲስ ሞተር ገዝቶ ሸጠላቸው። ኃይሉን የሚያስተካክል ካፓሲተር ተገጠመ፤ ቺንጋው ተለወጠ፤ ጣሪያው ብርሃንና ነፋስ አገኘ። ሥራው እስኪያልቅ ሀጂ የመጣውን አስፈጪ ሁሉ ወደ ዘምዘም ይልኩ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሲልኩ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ በኋላ ግን ከረጢቱን ራሳቸው ያሸክሙ ጀመር።

ጥቅሙ ብዙ ሳይቆይ ታየ። የመብራት ሂሳባቸው ቀነሰ፤ ከተረፈው ላይ ክፍያው እየወጣ ደግሞ የሚቀር ነገር ተገኘ። በበሬው ገንዘብ ሌላ በሬ ገዝተው ለእርሻው አደረሱት። ዱቄቱ ሳይግል ስለሚወጣ ሴቶቹ ወደዱት። ከወፍጮው ጋር በአንድ ትራንስፎርመር ላይ ያሉ ቤቶችም ወፍጮ ሲነሣ ይደክም የነበረው መብራታቸው መለስ አለ። አንድ ሰው ያባከነው ኃይል ከሌላው ቤት የተወሰደ እንደሆነ፣ የቆጠበው ደግሞ ለጎረቤቱ እንደሚተርፍ ሰፈሩ በዚህ አወቀ። ፈንዱም የሚመለስለትን ገንዘብ ይዞ ወደ ዳቦ ቤቱና ወደ ጤና ጣቢያው ሕንፃ ተሻገረ።

ቅናቱ ግን ፈጽሞ ጠፋ ብንል ውሸት ይሆናል። ሀጂ አሁንም አንዳንዴ ወደ ማዶ ያያሉ። በሰኔ ወር አንድ የወፍጮ ባለቤት ከባቲ ወሬውን ሰምቶ መጣባቸው።

«ሀጂ፣ እውነት ነው? ወለድ የለበትም? ወፍጮዬንስ አይወስዱብኝም?»

ሀጂ አስቀምጠው ሁሉን አስረዱት፤ የተጠቀለለ ሞተር ምን እንደሚበላ፣ ዋጋው አንዴ ተቆርጦ እንደማይጨምር፣ ክፍያው ከቁጠባው እንደሚወጣ። ሰውየው የወፍጮ ቤታቸውን ዙሪያ እያየ ተደነቀ።

«እንዲህ ያለ ወፍጮ አይቼ አላውቅም» አለ።

ሀጂ ወደ መንገዱ ዞሩ። ከማዶ የዘምዘም ልጅ ደጃፉን ትጠርግ ነበር።

«ገና አላየህም» አሉት። «ተሻገርና የሷን እይ። ከእኔ ይሻላል።»