ጋሽ አፈወርቅ ገና እያጣሩ ነው

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ እትዬ ሸዋረጋ፣ እንግዶቻችን፣ እስቲ ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉና ለጥቂት ደቂቃ ጆሯችሁን ስጡኝ። ለማታውቁኝ፣ ለተሥላሴ እባላለሁ፤ የዚህ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነኝ። ዛሬ የምንሸኛቸው ጋሽ አፈወርቅ ደግሞ እዚያ ጥግ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው የተቀመጡት ናቸው። ቦታውን የመረጡት ራሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ሰው እንዲኖር አይፈልጉም።

ከራቤል ከተማ ተዛውረው እዚህ መሐል ሜዳ የገቡ ዕለት የሆነውን ጥበቃችን ዳኜ ቢነግራችሁ ይሻል ነበር፤ በር ላይ የነበረው እሱ ነው። ዳኜ ግን ጠላ እየቀዳ ስለሆነ እኔ ልንገራችሁ። ጋሽ አፈወርቅ ከሚኒባስ ወርደው፣ ፍራሻቸውን ተሸክመው በሩ ላይ ሲደርሱ ዳኜ ብድግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» አላቸው።

«እንደምመጣ ማን ነገረህ?» አሉት።

«ኧረ ማንም አልነገረኝም ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ተነሣህ?»

ዳኜ ፍራሹን ልያዝልዎት ቢል እምቢ አሉ። ቢሮ ገብተው ወንበር ሲሰጣቸው ገልብጠው እግሮቹን አንድ በአንድ ነቀነቁና ነው የተቀመጡት። ያ ወንበር ዛሬም መምህራን ማረፊያ ውስጥ አለ፤ ማንም አይቀመጥበትም። እሳቸው ከፈተሹት ወዲህ እኛም ጠርጥረነዋል።

በሁለቱም እጃቸው ሰዓት እንደሚያስሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «የግራው ምን ያደርግልዎታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «የቀኙን ይጠብቃል» አሉኝ። ፀሐይ ስትወጣ ጃንጥላ ይይዛሉ። ስብሰባው አጭር ነው ከተባለ ጋቢና ቆሎ ይዘው ይመጣሉ፤ በዚህስ ተሳስተው አያውቁም። አንድ ልጅ ሙሉ ውጤት ካመጣ ሰሌዳ ላይ አውጥተው እንደገና ያሠሩታል። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ የነገሩኝንም ልጨምር? እየሣቁ ነው፣ ፈቅደዋል ማለት ነው። ጋሽ አፈወርቅ ሽማግሌ ልከው የእትዬ ሸዋረጋ ቤተሰብ ወዲያው እሺ ቢል «እንዲህ ቶሎ ለምን?» ብለው ሽማግሌዎቹን እንዲያጣሩ መልሰው ልከዋቸዋል።

የዛሬውንም ድግስ አልማሩትም። ሳምንቱን ሙሉ ስንሾካሾክ አይተው ኖሮ ትናንት ጠርተውኝ «ለተሥላሴ፣ እናንተ በእኔ ላይ የምትዶልቱት ነገር አለ» አሉኝ። ነበረ፤ ይኸው እሱ ነው። አሁን ደግሞ የያዙትን ብርጭቆ ተመልከቱ። ከተቀዳላቸው ቆይቷል፤ ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አይተውታል፣ አሽትተውታል፣ አልጠጡትም።

ሣቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ዛሬ መምህርት ተብዬ እዚህ የቆምኩት በዚሁ ጠርጣራነታቸው ስለሆነ እሱን ሳልነግራችሁ አልቀመጥም።

እዚህ መጀመሪያ የመጣሁት ከኮሌጅ ለማስተማር ልምምድ የተላክሁ እጩ መምህርት ሆኜ ነው። ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ተሰጠኝ፤ አማካሪ መምህሬ ጋሽ አፈወርቅ ሆኑ። ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከክፍሉ ኋላ ይቀመጡና ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አያነሡም። ከጓሳ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ በመስኮቱ ይገባ ነበር፤ እኔን ግን የሚያበርደኝ የሳቸው ዓይን ነበር።

ልጆቹ ሒሳብ ሲባል ፊታቸው ይጠቁራል። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ ሦስት በሦስት አድርጌ ዘጠኝ ቤት ሠራሁና ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ቁጥሮች ደረደርኩበት። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ የግእዝ ቁጥር እየተማሩ ስለነበር ሁለቱን አብረው ይለማመዱ ብዬ በግእዝ ቁጥር ጻፍኩት። ላይ ፪ ፯ ፮፣ መሐል ፱ ፭ ፩፣ ታች ፬ ፫ ፰። ወደ ጎን ደምሩ፣ ወደ ታች ደምሩ፣ ከጥግ ጥግ ደምሩ፤ ሁሌም ዐሥራ አምስት ይመጣል። ፈረንጆቹ ማጂክ ስኩዌር ይሉታል። እኔ አገሬን ስለማውቅ አስማት የሚባል ነገር ከአፌ አላወጣሁም፤ «ዘጠኝ ቤት» ብቻ አልኳቸው።

ልጆቹ አበዱ። አንዱ ደምሮ ሳይጨርስ ሌላው ይነጥቀዋል። ከኋላ ግን ያ ድምፅ መጣ።

«እነዚህ ቁጥሮች ለምን ተስማሙ?»

«ጋሼ፣ እንዲህ ሲደረደሩ...»

«እዚህ ትምህርት ቤት ሦስት መምህር ተስማምቶ አያውቅም። ዘጠኝ ቁጥር እንዴት ይስማማል? አጣራለሁ።»

ደብተራቸው ላይ ገልብጠውት ሄዱ። ቅዳሜና እሑድን ሲደምሩና ሲያፈርሱ እንደዋሉ እትዬ ሸዋረጋ በኋላ ነግረውኛል። የኔን ስሕተት እየፈለጉ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ እመቤት የሚባሉ የተማሪ ወላጅ የደብሩን መምሬ ወልደ ጻድቅን ይዘው መጡ። የልጃቸውን የትሕትናን ፀጉር ሊሠሩ ሲሉ ከማተቧ ጋር የታሰረ የታጠፈ ወረቀት አንገቷ ላይ አገኙ። ሲፈቱት በመስመር የተከፋፈለ ቤት፣ በየቤቱ የግእዝ ቁጥር። የኔው ዘጠኝ ቤት ነበር። እናት ይህን አይታ ምን ትበል? ክታብ ነው አሉ።

«ልጄን ለትምህርት ነው የላኳት ወይስ ለጠንቋይ?» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

መምሬ ወልደ ጻድቅ ወረቀቱን በእጃቸው ሊነኩት አልፈለጉም፤ በመስቀላቸው ጫፍ ነው ገለጥ ያደረጉት። የያኔው ርዕሰ መምህር ወደ ጎን ጠሩኝና «ነገሩ ሳይባባስ ወደ ኮሌጅሽ ተመለሽ» አሉኝ። ልምምዱን ሳልጨርስ እንዲህ ያለ ስም ይዤ መመለስ ማለት መምህርነቱ ቀረ ማለት ነው። እናቴ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ «አስተማሪዋ ልጄ» እያለች ማውራት ከጀመረች ቆይታለች።

«አልተጣራም» አሉ ከኋላችን የደረሱት ጋሽ አፈወርቅ።

«መምህር አፈወርቅ፣ እርስዎም እኮ ይጠረጥሯታል» አሏቸው ርዕሰ መምህሩ።

«እጠረጥራታለሁ። እሷ ዛሬ አትሄድም። መጀመሪያ ይጣራ።»

ሁላችንንም ይዘው ክፍል ገቡ። ዘጠኙን ቤት ሰሌዳ ላይ ጻፉና ጠመኔውን ለመምሬ ሰጡ። «መምሬ፣ እርስዎ ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሰው ነዎት። ይደምሩት።» መምሬ ደመሩ። በሁሉም በኩል ዐሥራ አምስት። «አሁን በየቤቱ አንድ አንድ ይጨምሩበት።» ጨመሩ፤ በሁሉም በኩል ዐሥራ ስምንት ሆነ። «አሁን ደግሞ የፈለጉትን።» መምሬ ማንም ሳያዝዛቸው ሦስት ጨመሩ፣ ዐሥር ጨመሩ፣ እየደመሩ ፊታቸው ፈታ እያለ ሄደ።

«ክታብ ቢሆን የጻፈው ሰው ምሥጢሩን ይደብቅ ነበር» አሉ ጋሽ አፈወርቅ። «ይህን ግን እኔም ቤቴ ሠራሁት፣ እርስዎም አሁን ሠሩት።»

«ይህስ ሒሳብ ነው» አሉ መምሬ፣ ጠመኔውን ሳይመልሱ።

ወይዘሮ እመቤት ግን የዋዛ አልነበሩም። «ሒሳብ ከሆነ ደብተር የለም? አንገት ላይ ምን ይሠራል?» አሉ።

ትሕትና ተጠርታ መጣች፤ ጋሽ አፈወርቅን አየት ታደርግና ታቀረቅራለች። እኔ ራሴ ጠረጠርኳት። እንግዲህ ከሰው እጅ ሻይ እንኳ ሳይመረምሩ የማይቀበሉት ሰውዬ ወረቀቱን ከነክሩ አነሡና በራሳቸው አንገት ላይ አሰሩት።

«ክፉ ነገር ካለው በእኔ ይታይ» አሉ። «ይህችን መምህርት እስኪጣራ ተዉአት።»

ትሕትና ማልቀስ ጀመረች።

«ጋሼ፣ ይፍቱት። ለፈተና ነው።»

«ምን ማለት ነው ለፈተና?»

«ለኩረጃ ነዋ። እርስዎ ኪሳችንን ይፈትሻሉ። ካልሲም ያስወልቃሉ። ማተብ ስላለበት ግን አንገት አይነኩም።»

የሁሉም ዓይን ወደ ጋሽ አፈወርቅ ዞረ። ለነገሩ ሁሉ መነሻ የሆነው የሳቸው ፍተሻ ነበር። መምሬ ወልደ ጻድቅ ሣቃቸውን ለመዋጥ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ጋሽ አፈወርቅ ግን አልሣቁም። «ሌላስ ማን አለ?» አሉ። ያን ቀን የግማሹ ክፍል ኮሌታ ሲገለጥ ዘጠኝ ቤት ወጣ። ወይዘሮ እመቤት የልጃቸውን ጆሮ ይዘው ሲወጡ በር ላይ ዞር ብለው «በርቺ» አሉኝ። ትሕትና ዛሬ ራቤል መምህርት ናት፤ በፈተና ቀን አንገት ትፈትሻለች አሉ።

ጋሽ አፈወርቅ ወረቀቱን አልፈቱትም። ልምምዴ እስኪያልቅ ድረስ ክሩ ከኮሌታቸው ሥር ይታየኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ድፍረት አገኘሁና «ጋሼ፣ አሁንስ አመኑኝ?» አልኳቸው።

«ገና እያጣራሁ ነው።»

ተመርቄ እዚሁ ተመደብኩ፤ ጠየቅኳቸው፤ እያጣሩ ነበር። ተማሪዎቼ ጥሩ ውጤት አመጡ፤ እያጣሩ ነበር። እንደምታዩት ሰው በተጨናነቀበት በዚህ ክፍል ኮሌታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው ተቀምጠዋል። ዛሬ ደግሞ እኔ ያንን ክር እጠረጥራለሁ።

ጋሼ፣ ቀልዱ ይብቃኝ። ያን ጠዋት እዚያ ክፍል ውስጥ ያመነኝ ሰው አልነበረም። እርስዎም አላመኑኝም። ግን ሌሎቹ ጠርጥረው ሊሸኙኝ ሲሉ እርስዎ ጠርጥረው አቆዩኝ፤ ክፉውንም በራስዎ ላይ ሞከሩት። ስለማላውቃት ልጅ ያን አደርግ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ስጠይቅ እኖራለሁ። አመሰግናለሁ። ይህን ቀደም ብዬ ልነግርዎት ይገባ ነበር፤ ግን «ምን ፈልገሽ ነው?» እንዳይሉኝ እፈራ ነበር።

በሉ ሁላችሁም ብርጭቆ አንሡ። ጋሼ፣ የርስዎን ወዲህ ይስጡኝ። ባገራችን ደንብ የሚያቀርብ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ያን ጊዜ ስለ እኔ የቀመሱት እርስዎ ነዎት፤ ዛሬ እኔ ልቅመስልዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ፀሐዩን ያለ ጃንጥላ ይሙቁ። እትዬ ሸዋረጋ የሰጡዎትን ሁሉ ሳይመረምሩ ይብሉ። የግራ እጅ ሰዓትዎም ይረፍ፤ ከእንግዲህ የሚያስቸኩልዎት የለም።

ቆይ... ጋሼ፣ ይመልሱልኝ እንጂ፣ ገና አልቀመስኩትም።

ጠጡት። እንደገና ሳያዩት ጠጡት እኮ። እትዬ ሸዋረጋ፣ እርስዎ ምስክሬ ነዎት።

ለጤናዎ ጋሼ። ዳኜ፣ ይጨመርላቸው።