ከጥናቱ የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች

በጎፋና በላፍቶ የዶክተር አባይነህ ስም ሲነሳ የማይመርቅ ሰው ጥቂት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሲያክሙ በሽተኛ ላይ ተቆጥተው አያውቁም፤ መድኃኒት መግዣ ላጣ ሰው ከኪሳቸው ማውጣትም ልማዳቸው ነው። እኚህ ሰው አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጎፋ ማዞሪያ አጠገብ የመኪናቸው ጎማ ተነፈሰና ከጎሚስታው ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ጸደንያ ከታክሲ ወርዳ ስታልፍ አየቻቸው።

ጸደንያ የቀድሞ ተማሪያቸው ናት። አሁን እሳቸው በሚሠሩበት ሆስፒታል የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ጸሐፊ ሆናለች፤ በሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ሰውን እንዳይጎዳና ውጤቱም እንዳይጣመም የሚጠብቀው ይህ ኮሚቴ ነው። ዶክተሩ ደግሞ አንድ የውጭ ኩባንያ የሠራውን አዲስ የደም ግፊት ክኒን በመቶ ሃያ ሕሙማን ላይ የሚፈትሸውን ጥናት ይመራሉ። ጎማው የተነፈሰው መኪናም ኩባንያው የሰጣቸው ነው፤ በሩ ላይ የክኒኑ ስም በሰማያዊ ቀለም ተጽፎበታል። ውጤቱ ሐሙስ ዕለት በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ሊነገር ተዘጋጅቷል። ከዚያ በፊት ግን ኮሚቴው ተመራማሪዎቹ ከመድኃኒት ኩባንያዎች ያገኙትን ጥቅም የሚገልጹበት ቅጽ ልኮ ነበር። የሌሎቹ ተሞልቶ ሲመለስ የዶክተር አባይነህ ባዶውን ተመለሰ።

«እንደምን አደሩ ዶክተር?» አለች ጸደንያ ጎንበስ ብላ።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ነይ አረፍ በይ። ስለ ቅጹ ልትነዘንዥኝ ከሆነ ግን መንገድሽን ቀጥዪ» አሉ እየሳቁ።

«እግዜር አገናኘን እንጂ ለእሱ አልመጣሁም። ከተገናኘን ዘንድ ግን ልጠይቅዎት፤ ቅጹ በምን አስከፋዎት?»

«በምን አስከፋዎት ትያለሽ? በዚህ ዕድሜዬ ‹ከማን ምን ተቀበልክ?› ብሎ መጠየቅ ሌባ ነህ ማለት አይደለም? መኪናውን የሰጡኝ ለጥናቱ ሥራ ነው። አምና ለጉባኤ ውጭ አገር ወሰዱኝ፤ እኔም ዕውቀት ይዤ ተመለስኩ። የሰው ስጦታ መመለስ በእኛ አገር ነውር ነው። ያጎረሰን እጅ አደባባይ አውጥቶ መቁጠርም እንደዚያው። ለመሆኑ በአንድ መኪና የምደለል ሰው እመስልሻለሁ?»

ዶክተሩ ይህን ሲሉ አልዋሹም። ኩባንያውን ለመጥቀም ብለው አንዲት ቁጥር እንኳ አልለወጡም። ነገር ግን ሰው የሰውን ፊት እንጂ የራሱን ማጅራት አያይም።

«እኔስ እርስዎን አልጠረጥርም» አለች ጸደንያ ረጋ ብላ። «አንድ ነገር ግን ላስታውስዎት። ተማሪዎ ሳለሁ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ለሽምግልና ሊወስዱዎት ሆስፒታል ድረስ መጥተው ነበር። ምን ብለው መለሷቸው?»

ጥቂት አሰቡ። «ለአንደኛው አማቹ ነኝ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ አልኳቸው።»

«ሊያዳሉ ነበር?»

«በጭራሽ! ግን ሌላኛው ወገን በምን ይመነኝ? እውነት ብፈርድለትስ ያረፈ ልብ ይኖረዋል?»

«አማችነትዎን መናገርዎ ታዲያ አዋረደዎት?»

«እንዲያውም ተከበርኩበት።»

«ቅጹም የሚለው ይህንኑ ነው። ከኩባንያ ጋር አትሥሩ አይልም። መድኃኒት የሚሠሩት እነሱ ናቸው፤ ያለ እነሱ ብዙ ጥናት አይጀመርም። ዝምድናው ይታወቅ፣ ዝምድና ያለበትም ሰው ብቻውን መዝኖ ብቻውን አይፍረድ ነው የሚለው።»

ዶክተር አባይነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽምግልና ሌላ፣ ሳይንስ ሌላ። ቁጥር አማች የለውም።»

«ቁጥር የለውም። ይሄ ይቆጠር፣ ያ ይቅር የሚለው ሰው ግን አለው። ከመቶ ሃያው ዘጠኙ ክኒኑን ጥለው ወጥተዋል። በሪፖርቱ ውስጥ ግን አላገኘኋቸውም።»

«በገዛ ፈቃዳቸው የተዉ ናቸዋ! ሞልቱ ‹የጨረሱትን ብቻ እንያዝ› አለኝ፤ እኔም ተስማማሁ።» ሞልቱ የኩባንያው የአዲስ አበባ ወኪል ነው፤ ቀልጣፋና ሰው አክባሪ ጎልማሳ ነው።

«ለምን እንደተዉ ጠየቋቸው?»

ዶክተሩ ወደ ጎሚስታው ዞር አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለች ጸደንያ፣ «ይህን ያለዎት መኪና የሰጠዎት ሰው ባይሆን ኖሮ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ ደውዬ ልጠይቃቸው› አይሉም ነበር? ‹ከቀጠሮው የቀረ በሽተኛ ከመጣው ይበልጥ ያስተምራል› እያሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

የዶክተሩ ፊት ጠቆረ። ጎሚስታው ጎማውን አስሮ ጨርሶ ነበርና ተነሥተው የመኪናውን በር ከፈቱ። «ግቢ» አሏት። «ከዘጠኙ አንደኛው ፉሪ ነው ያለው። ሄደን በገዛ ጆሮሽ ስሚው። ከዚያ በኋላ ግን የቅጽ ነገር እንዳታነሺብኝ።»

በላፍቶ፣ በሐና ማርያም አድርገው ፉሪ ደረሱ። አቶ ኢስማኢል አዲስ ከተሠሩት ቤቶች መካከል ቀለምና ምስማር የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። መኪናውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ግራ እጃቸው በጀሶ ተጠቅልሏል።

«ይህች ባልደረባዬ ናት፤ ፈቃድዎ ከሆነ አብራን ትስማ» አሉ ዶክተሩ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ። «ልወቅስዎት አልመጣሁም። መድኃኒቱን ለምን እንደተዉት ልጠይቅዎት ነው።»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው ዶክተር» አሉ አቶ ኢስማኢል አቀርቅረው።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሐሚዳ ከባንኮኒው ኋላ ሆነው አላስቻላቸውም። «እውነቱን ንገራቸው እንጂ! ክኒኑን ከጀመረ ወዲህ ከተቀመጠበት በተነሣ ቁጥር ዓይኑ እየጨለመ ይዞርበት ነበር። ቀለም ላውርድ ብሎ መሰላል ላይ እንደቆመ ወደቀ፤ እጁም ተሰበረ።»

ዶክተር አባይነህ ደነገጡ። «ይህ ሁሉ ሲሆን ለምን አልነገሩኝም?»

«በምን አፌ ዶክተር?» አሉ አቶ ኢስማኢል። «መድኃኒቱ የእርስዎ አይደለም እንዴ? ስሙን መኪናዎ ላይ ጽፈው ይዞራሉ። እኛም ‹የዶክተር ክኒን› ነው የምንለው። እናቴን ከሞት ያተረፉ ሰው ነዎት፤ ‹ያመጡልኝ ነገር ጣለኝ› ብዬ ፊትዎን ላጠቁር? ዝም ብዬ ቀረሁ።»

ዶክተሩ የግፊት መለኪያቸውን አወጡ። የሰውየውን ግፊት ተቀምጠውም ቆመውም ለኩ፤ የነገሯቸውን ሁሉ ጻፉ። ለስብራቱ የሚያስፈልገውን ሕክምና ጥናቱ እንደሚሸፍን፣ ይህም ችሮታ ሳይሆን መብታቸው እንደሆነ አስረዷቸው። መድኃኒቱም የኩባንያው እንጂ የዶክተሩ እንዳልሆነ ነገሯቸው።

መኪናው ውስጥ ገብተው ቁልፉን ሰኩ፤ ሞተሩን ግን አላስነሡም።

«ጸደንያ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስጦታው የእኔን ዓይን ጋርዶ እንደሆነ ብቻ ነበር የምከራከርሽ። የበሽተኛዬን አፍ ይዘጋል ብዬ ግን አስቤም አላውቅ።»

«እኔም አላሰብኩትም ነበር» አለች ጸደንያ። «እኔ የማውቀው ሕጉን ነው። ምክንያቱን ዛሬ አቶ ኢስማኢል አስተማሩን።»

በማግስቱ የቀሩትን ስምንቱን አንድ በአንድ ጠየቋቸው። አምስቱ እንደ አቶ ኢስማኢል ይዞርባቸው ነበር፤ አንዲት አሮጊትማ ደጃቸው ላይ ወድቀው ጎረቤት ነው ያነሣቸው። ሦስቱ በሌላ ምክንያት ነበር የተዉት። ዶክተሩ ዘጠኙንም መዝገብ ላይ አሰፈሩ፣ ያገኙትን ለኮሚቴው አመለከቱ፣ የመኪናውን ቁልፍም ለሞልቱ መለሱ።

«ዶክተር፣ ምን በደልንዎት?» አለ ሞልቱ። «ጉባኤው ነገ ነው። ስማችንን ሊያጠፉ ነው?»

«አልበደላችሁኝም። ስማችሁንም አላጠፋም፤ የማወራው ስለ ክኒኑ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የመድኃኒቱን በሽታ የደበቀስ? ዛሬ እኔ ብደብቀው ነገ የሚወድቁት ሰዎች ይገልጡታል። ያን ጊዜ ክኒኑንም እኔንም የሚያምን አይኖርም።»

ሞልቱ ተቀይሞ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ዶክተር አባይነህ ጉባኤው ፊት ቆሙና ከሁሉ በፊት፣ «ይህን ጥናት የከፈለው የመድኃኒቱ ባለቤት ነው። እኔንም ውጭ አገር ወስዶኛል፤ እስከ ትናንት የምነዳው መኪናም የእሱ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩን ከኩባንያውም ከእኔም ጋር ዝምድና የሌለው የስታትስቲክስ ባለሙያ እስኪመረምረው ድረስ የመጨረሻ ነው ብላችሁ አትውሰዱብኝ» አሉ። ከዚያም ስለ ዘጠኙ ተናገሩ። አዳራሹ አጉረመረመ። አንድ አንጋፋ ሐኪም በሻይ ሰዓት፣ «ሁላችንንም አስጠረጠርከን» ብለው ወቀሷቸው። ወጣቶቹ ሐኪሞች ግን ጸደንያን ከበው ቅጹን ጠየቋት።

ከዚህ በኋላ የሆነው ከተፈራው የተለየ ነው። የኩባንያው ተመራማሪዎች የተላከላቸውን መዝገብ አይተው በሌላ አገርም ተመሳሳይ ቅሬታ እንደደረሳቸው ገለጹ፤ መጠኑ በግማሽ ተቀንሶም ጥናቱ እንደገና ተካሄደ። ግፊቱ እንደ መጀመሪያው ወረደ፤ የማዞር ቅሬታው ግን ከሞላ ጎደል ጠፋ። ሆስፒታሉ ደግሞ ደንብ አወጣ፤ የኩባንያ ድጋፍ በሆስፒታሉ በኩል እንጂ በሐኪሙ እጅ አይገባም፤ ጥናት ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ቅር ያለው ነገር ካለ ሐኪሙን ሳያፍር ለኮሚቴው የሚደውልበት ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል። ድሮ «ሊሞክሩብን ነው» ብለው ይሸሹ የነበሩ የፉሪና የላፍቶ ሰዎች ለሁለተኛው ጥናት ከሚፈለገው በላይ ተሰልፈው ተመዘገቡ። ግልጽነት የሐኪምን ክብር ይቀንሳል ያለ ሰው ያን ሰልፍ አላየም።

ክኒኑ በአነስተኛው መጠን ተፈቅዶ ለሽያጭ በቀረበ በሳምንቱ ሞልቱ ደወለ።

«ዶክተር፣ ያን ጊዜ በጣም ነበር የተቀየምኩዎት።»

«አውቃለሁ።»

«እናቴ ግፊት አለባት። ክኒኑን ለሐኪም ሁሉ ሳሞግስ ለእሷ ይታዘዝላት ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ራሴንም አልጠየቅኩም። ትናንት ሐኪሟ አዘዘላት። ‹እማዬ፣ ይሄ ይሻልሻል› ስላት ዓይኗን እያየሁ ነው።»

«በል እንግዲህ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ» አሉ ዶክተር አባይነህ። «መድኃኒት መሸጥ ገና አሁን ጀመርክ።»