የመጨረሻው መኪና

ሱሉልታ መግቢያ ላይ መንገዱ በአንድ ጎኑ ተቆፍሮ ለአንድ መኪና ብቻ ነው የሚበቃው። በዚህ ጫፍ አንዲት ሴት፣ በዚያኛው ጫፍ ደግሞ ባልደረባዋ መኪና ያሳልፋሉ፤ ኩርባው ስለሚከልላቸው ግን አይተያዩም። ስለዚህ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ዱላ ለመጨረሻው መኪና ይሰጣል። ዱላው ማዶ ሲደርስ ብቻ ነው እዚያ የተሰለፉት የሚለቀቁት።

አንድ ጠዋት፣ ሥራ ረፍዶብኝ ስከንፍ፣ ዱላው ለእኔ ደረሰኝ። «ኦቦ፣ የመጨረሻው እርስዎ ነዎት፤ አደራ!» አለችኝ። የተሾምኩ ነው የመሰለኝ! ትንሽ ሄድ ብዬ በመስታወት ሳይ ግን አንድ አይሱዙ በጎኗ ሾልኮ ተከትሎኛል። አደራ አይደል? አቁሜ ወረድኩና ዱላውን ለሹፌሩ ሰጠሁት። እሱም ዞር ቢል ከኋላው ሚኒባስ፤ አቀበለው። ሚኒባሱም ለባጃጁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ዱላው ተመልሶ እጇ ገባላችሁ!

ከማዶ ክላክሱ ቀለጠ። ሴትየዋ አቧራ በአቧራ ሆና መጣችና «ማነው የመጨረሻው?» ስትል፣ ሁላችንም ወደ ኋላችን ጠቆምን። ተመልሳ አንድ ባዶ በርሜል እያንከባለለች መንገዱ መሐል ገተረችው፤ ከዚያ ዱላዋን ይዛ መጨረሻ ላይ የቆመው ባጃጅ ውስጥ ገባች። «በቃ! የመጨረሻዋ እኔ ነኝ፤ ንዱ!»

ማዶ ስንደርስ ጉዱን ለማየት ዳር ይዤ ቆምኩ። ባልደረባዋ ሲያያት ክው አለ። «እንዴ! እዚያ ማንን ትተሽ ነው የመጣሽው?»

«በርሜሉን» አለች፣ ከባጃጁ እየወረደች። «ከእኔ ይልቅ እሱን ይፈሩታል።»