ከነቀዘ ጆንያ የወጣ መስፈሪያ

የምርመራ ውጤቴን ልቀበል ሆስፒታል ሄጄ ደረጃውን ስወጣ ከላይ የሚወርድ ጩኸት ተቀበለኝ። ሆስፒታል ውስጥ የሚጮህ ሰው ወይ ሰው ሞቶበታል፣ ወይ ወረፋውን ወስደውበታል። ይኼኛው ግን ከሁለቱም አልነበረም። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የመስታወት በር ፊት አንድ ሽማግሌ ወለሉን በከዘራቸው እየደበደቡ፣ ከኋላቸው መተላለፊያውን የሞላ ዘመድ አሰልፈው፣ በሩን የዘጋችባቸውን ነርስ ይገሥጻሉ። ወዲያው አወቅኋቸው። ዕድሜያቸውን በእህል መጋዘን ኃላፊነት ያሳለፉት፣ ሰፈሩ "አባ መጋዘን" የሚላቸው ጎረቤቴ ናቸው። ነርሷ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ናት። አባቷ አናጢ ነው፤ ከጣሪያ ወድቆ ደረቱ ተጎድቶ፣ ከዚያ መስታወት ወዲያ በመተንፈሻ መሣሪያ እየተረዳ ተኝቷል።

"መምህር! እግዜር ነው ያመጣህ" አሉ ሲያዩኝ። "ና ፍረደን። በዚህ ክንዴ ታቅፌ ያሳደግኋት ልጅ ከወንድሜ በር ላይ እንደ ሌባ መለሰችኝ!"

"እንደ ሌባ አልመለስኩዎትም ጋሼ" አለች ነርሷ። "ሌባ ቢሆኑማ ዘበኛ እጠራ ነበር። አጎቴ ስለሆኑ ቆሜ እለምንዎታለሁ።"

"ተማረችና ዘመድ ጠላች!" አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

"ሰው ታሞ ሰው ካልጠየቀው ምኑን ሰው ሆነ?" ቀጠሉ ሽማግሌው። "በሩ ካልተከፈተ ይህን ሁሉ ዘመድ ይዤ ወደ ዳይሬክተሩ እሄዳለሁ። ደግሞ ባለፈው እሑድ ገብቼ አልነበር? ምን ሆነ? በሩ አጠገብ የተኛውን ሾፌር ጨብጬ፣ ላቡን ጠርጌ፣ 'ይማርህ ልጄ' ብዬ፣ ከዚያ የወንድሜን እጅ ይዤ ተቀመጥሁ። እሱም ጨበጠኝ እኮ!"

የልጅቱ ፊት ተለዋወጠ። "ሾፌሩን በነኩበት እጅ ነው አባዬን የነኩት?"

"ታዲያ በማን እጅ ልንካው? ጎረቤቱን ሰላም ሳይል ዘሎ ወደ ወንድሙ የሚሄድ ምን ዓይነት ባለጌ ነው?"

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። በእኚህ ሰው ላይ ግን አልነበረም። ሕመምተኛ መጠየቅ ካሉን ጠባዮች ሁሉ የከበረው ነው። ያናደደኝ ሌላ ነው፦ ይህን ያህል ደግ ሕዝብ በዚህ በር ሲያልፍ፣ እጁ ምን ተሸክሞ እንደሚገባ አንድ ሰው እንኳ በሚገባው ቋንቋ ነግሮት አያውቅም። ክልክል ነው ይሉታል፤ ለምን ክልክል እንደሆነ ግን አይነግሩትም።

ልጅቱ አግዳሚው ላይ አስቀመጠቻቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። "ጋሼ፣ ሾፌሩ ሳንባ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ መድኃኒት የተላመደ ነው። ከአንድ በቀር ያለንን ሁሉ ሰጠነው፤ አንዱም አልነካው።"

"መድኃኒት የማይነካው ተባይ የት አለ? ጠንከር ያለ ስጡት እንጂ!" ካሉ በኋላ ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ እንክብሎች አወጡ። "ይኸው። ጥርሴን ሲያመኝ ከገዛሁት የተረፈ ነው። ጥቂት ውጬ ሲሻለኝ የቀረውን አስቀመጥሁት። አባትሽንም ክረምት ላይ ሲያስለው ሰጥቼው ወዲያው ነው የለቀቀው። ዛሬም ላስገባለት ነበር አመጣጤ።"

ልጅቱ እንክብሎቹን አየቻቸው እንጂ አልተቀበለቻቸውም። "አንድ ነገር ልጠይቅዎ። መጋዘንዎ ውስጥ ነቀዝ ቢገባ፣ ከታዘዘው መድኃኒት ግማሹን አጥነው ግማሹን ለሌላ ጊዜ ያስቀምጡ ነበር?"

ሽማግሌው የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። "እኔ? ምን ሆነሻል? ግማሽ ማጠን ካለማጠን ይከፋል! ደካማው ነቀዝ ይሞታል፣ ብርቱው ይተርፋል። የሚራባው ያ የተረፈው ነው። በዓመቱ ያንኑ መድኃኒት ብታጥኚው እንደ ሽቶ ነው የሚያሸተው! ከእኔ በፊት የነበረው ኃላፊ እንዲያ እየቆጠበ አይደል እንዴ መጋዘኑን ሙሉ ያስበላው!"

የልጅቱ ዓይን ከላስቲኩ ላይ አልተነሣም። እኔም አየሁት፤ ከኋላ የቆሙት ዘመዶችም አዩት። በመጨረሻ እሳቸውም አዩት።

"ይኼ… ይኼ ሌላ ነው" አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ሰው ጆንያ አይደለም።"

"አይደለም ጋሼ። ጆንያ ቢነቅዝ ይጣላል።"

እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሠኝና የሆዴን ልናገር። ጥፋቱ የእኚህ ሽማግሌ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለ! ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንክብል እንደ ከረሜላ እየቆነጠረ የሚሸጠው ባለ መድኃኒት ቤት የት ተምሮ ነው? በቫይረስ ለመጣ ጉንፋን፣ ምንም እንደማይሠራ እያወቀ፣ "በሽተኛው ባዶ እጁን አይሂድ" ብሎ አንቲባዮቲክ የሚጽፈው ሐኪምስ? "መርፌ ካልወጋኸኝ ሐኪም አይደለህም" የሚለው በሽተኛስ? ሁላችንም ግማሽ እያጠንን ብርቱውን ነቀዝ ስንመርጥ፣ ስናረባ ኖርን። ያረባነው ደግሞ መጥቶ የሚሰፍረው አቅም ባጣው ሰው ላይ ነው፤ በጉሮሮው ቱቦ፣ በደም ሥሩ ቱቦ ገብቶለት በሩን ሁሉ ከፍቶ በተኛው ላይ።

"እሺ" አሉ ሽማግሌው። "የሾፌሩ በሽታ የሾፌሩ ነው። ወንድሜን ምን አገባው?"

"ጋሼ፣ የመጋዘኑን ተሸካሚዎች ምን ነበር የሚሏቸው? ከነቀዘ ጆንያ የወጣ መስፈሪያ…"

"…ሳይታጠብ ንጹሕ ጆንያ አይነካም" ብለው ጨረሱላት፣ አፋቸው እንደለመደው። ይህን ቃል ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን የረሳ ተሸካሚ በጣቶቹ ላይ ያንኑ ከዘራ ይቀምስ ነበር።

ቃሉ ካፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት። ቀኝ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው አዩት፤ ከዚያ የት እንደሚያኖሩት ቸገራቸው።

"ዛሬ ጠዋት የአባዬ የናሙና ውጤት መጣ" አለች ልጅቱ። "ያው የሾፌሩ ባክቴሪያ ነው።"

"ተማረችና" ያለችው ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች።

"ገደልሁት?" አሉ ሽማግሌው።

"አልሞተም ጋሼ። አንድ የቀረን መድኃኒት አለ። ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል፤ ምርጫ ስለሌለን ለሁለቱም ጀምረንላቸዋል። ደግሞም የእርስዎ እጅ ይሁን የሌላ ሰው፣ ማንም ሊናገር አይችልም።"

"የሌላ ሰው?" ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ዞሩ። ከወዲያ የክፍሉ ትልቅ ሐኪም ሾፌሩን መርምረው ሲያበቁ፣ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፉና የአናጢውን የመተንፈሻ ቱቦ አስተካከሉ። "ያ ሰውዬ ታጠበ?"

"የክፍሉ ኃላፊ ናቸው…"

"ማንነቱን አልጠየቅሁሽም።"

"አልታጠቡም።"

"ለምን አትነግሪውም?"

"ነግሬያቸው ነበር። 'ደግሞ አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?' አሉኝ።"

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። "ለአጎትሽ አንበሳ፣ ለአለቃሽ ድመት! በሩን በእኔ ላይ በመዝጋትሽ ደግ አደረግሽ፤ ይቅር በይኝ። ለሱ መክፈትሽን ግን አልምርሽም።"

ሐኪሙ ሲወጡ ሽማግሌው መንገዱን ዘግተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በትሕትና እጅ ነሡ። "ጌታዬ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እኔ የእህል ሰው ነኝ። አሁን ከሾፌሩ ወደ ወንድሜ ሲያልፉ እጅዎን ታጥበዋል?"

"አባት፣ ጓንት አድርጌያለሁ" አሉ ሐኪሙ ሰዓታቸውን እያዩ።

"ጓንቱ የሚጠብቀው ማንን ነው? እርስዎን ነው ወንድሜን? እኔ መስፈሪያዬን በጨርቅ ብጠቀልለው ኖሮ፣ ነቀዙ ጨርቁን አክብሮ ይወርድልኝ ነበር?"

ከዘመዶቹ መካከል አንዱ ሳቁ አመለጠው። ሐኪሙ ግን ቀሉ። "በሽታውን እኔ ነኝ ያመጣሁት እያሉኝ ነው?"

"አላልኩም። እኔም ሳልሆን አልቀርም። የማን መስፈሪያ እንደሆነ ካልታወቀ ግን መስፈሪያ ሁሉ ይታጠባል። በመጋዘኔ ሕጉ ይኼ ነበር። የእናንተ መጋዘን ደግሞ ሰው ነው ያለበት።"

ሐኪሙ፣ እውነቱን ልመስክርላቸው፣ ጓንታቸውን አውልቀው ጣሉና በሩ አጠገብ ወዳለው መታጠቢያ ሄዱ። ቧንቧውን ሲከፍቱት አየር ብቻ አስሎ ዝም አለ። የአልኮሉን ጠርሙስ ተጫኑት፤ ባዶ ነው። ከቧንቧው በላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ባማረ ቀለም የታተመ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፦ "እጅዎን ይታጠቡ፤ ሕይወት ያድኑ!"

"ውሃ ከተቋረጠ ሰነበተ" አለች ነርሷ። "ከታች በባልዲ እየቀዳን ነው። ብዙ ጊዜ አመልክተናል።"

ንገሩኝ እስቲ፣ እንዲህ ካለው የበለጠ ስላቅ ምን አለ? ወረቀቱን ለማሳተም ስብሰባ ተደርጓል፤ ንግግር ተደርጓል፤ ተጨብጭቧል። ቧንቧ የሚጠግን ሰው ግን አልተጠራም። ሰውን መፈወስ ቢያቅተን ይሁን፤ እኛው በሽታ ስናቀብለው ግን ምን ስም ይውጣልን?

ሽማግሌው ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ። "ተነሡ፤ ወደ ዳይሬክተሩ እንሂድ።"

"በሩን ሊያስከፍቱልን?" አለች ሴትዮዋ።

"ውሃውን ላስከፍት!"

ሐኪሙም አብረው ሄዱ። እኔም ውጤቴን ረስቼ ተከተልሁ። ዳይሬክተሩ "ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው" ሲሉ አባ መጋዘን "እንግዲያው ሂደቱን እዚሁ ቁጭ ብለን እናየዋለን" ብለው ተቀመጡ፤ ዘመዱም ሁሉ ወለሉ ላይ ተከተላቸው። የቧንቧ ሠራተኛ መፍቻውን ይዞ እስኪመጣ ከቢሮው የወጣ የለም።

ሾፌሩ ሞተ። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ። ያ የመጨረሻ መድኃኒት ለእሱ በጊዜ አልደረሰለትም።

አናጢው ተረፈ፤ ግራ ጆሮው ግን ከዚያ ወዲህ አይሰማም። በዚያ ክፍል ዛሬ ወደ አልጋ የሚጠጋ ሁሉ፣ ሐኪምም ይሁን ዘመድ፣ በፊትም በኋላም ይታጠባል። ዘመድ ተራ በተራ ይገባል፤ የራሱን ሰው ብቻ ይነካል፤ ጎረቤቱን ከሩቅ እጅ ነሥቶ ይማርህ ይለዋል፤ ምርቃቱ ከሩቅም ይደርሳል። ብርቱው መድኃኒት የላቦራቶሪ ውጤት ሳይታይ በግምት አይቀጥልም። ልጅቱ እንደነገረችኝ፣ ያ ባክቴሪያ ከአልጋ ወደ አልጋ መሻገሩ እየቀነሰ ሄዷል፤ ሌላ አመመኝ ብሎ ገብቶ በዚያ የሚሞት ሰውም እንዲሁ። ሰፈራችን ውስጥ ደግሞ አባ መጋዘን የታዘዘለትን መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ካገኙ፣ "ግማሽ አጣኝ!" ብለው በአደባባይ ይሰድቡታል። ስድቡ ከወረቀቱ ይልቅ ሠርቷል።

አናጢው ሊወጣ ባለበት ቀን ሄጄ ነበር። ሽማግሌው ከመስታወቱ በር ፊት ቆመው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ውስጥ ይመለከታሉ። በሾፌሩ አልጋ ላይ አንዲት ወጣት እናት ተኝታለች፤ ያ ባክቴሪያ እስካሁን አልደረሰባትም። ትልቁ ሐኪም ከአናጢው ተለይተው ወደ እሷ ሊሄዱ ሲሉ ሽማግሌውን አዩና ወደ መታጠቢያው ተመለሱ። ታጥበው ሲያበቁ፣ ውሃው እያንጠባጠበ፣ ሁለቱንም መዳፎቻቸውን በመስታወቱ በኩል ከፍ አድርገው አሳዩአቸው።

አባ መጋዘን አተኩረው አዩ። ከዚያ ከዘራቸውን ከወለሉ አንሥተው ጫፏን ቀስ ብለው ገለበጧት፦ የእጅዎ ጀርባስ?